የሠርጉ ዲቪዲ ሁለተኛ ድምፅ

ሽማግሌው ቪዲዮ ቀራጭ በሥራ ክፍሉ ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቶ፣ ቀኝ እጁን ወደ ብረት ቁም ሳጥኑ እንደዘረጋ ሞቶ ተገኘ። የቁም ሳጥኑ በር ከታች በኩል በጥፍር ተቧጥጧል። ሰውየው ዕድሜ ልኩን የአስም በሽተኛ ነበር፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ወደ አፉ የሚነፋት ፓፍ ከእጁ ርቃ አታውቅም። አሁን ግን ፓፏ የተገኘችው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ነው። ቆሞ ለሚሄድ ሰው እጅ መስደድ ብቻ ይበቃዋል፤ በሆዱ ለሚሳብ ሰው ግን ሰማይ ማለት ነው።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሟቹን ጥፍሮች አየች። የቁም ሳጥኑ ግራጫ ቀለም ገብቶባቸዋል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ከጀርባዋ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም። ስሙን ታውቀዋለች፤ አልከፋትም።

«ልጁ ነው፤» አለ ሳጅኑ ከበሩ ላይ። «ጠዋት ከአባቱ ጋር ሲጯጯሁ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ደግሞ ሐኪም ነው። አስም እንዴት እንደሚገድል ከሱ በላይ ማን ያውቃል? ታች ተቀምጧል፤ ካቴናውን ላጥልቅለት?»

«ምን አስቸኮለህ? ካቴና ማጥለቅ ቀላል ነው። ስታወልቀው ነው የምታፍረው።»

ሳጅኑ ቅር እያለው ካቴናውን ወደ ኪሱ መለሰው። መርፌ ግን ነገሩ ገብቷታል። ሐኪሙ ዛሬ በጎረቤት ፊት እጁ ታስሮ ከወጣ፣ ነገ ነፃ ቢባልም አባቱን የገደለ ሐኪም መባሉ አይቀርለትም። የታመመ ልጁን ይዞ ደጁ የሚቆም ሰው አይኖርም። አለቆቿም ይህን እስኪያጣሩ የሚጠብቁ ዓይነት አልነበሩም፤ እስከ ማታ የተያዘ ሰው እንፈልጋለን ብለዋታል።

በሩ አልተሰበረም። የዚህ ቤት ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ልጁ፣ የልጁ ሚስትና ሬሳውን ያገኘችው ኤዲተር። መርፌ በኤዲተሯ ጀመረች።

ኤዲተሯ ደንዳና ሴት ናት፤ ለሽማግሌው ብዙ ዓመት ሠርታለች። ጠዋት የደንበኞች ዲስክ ለማድረስ ወጥታ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ነው ያገኘችው። አላለቀሰችም፤ ለማልቀስም አልሞከረች።

«ትወጃቸው ነበር?» አለቻት መርፌ።

«ጋሼን? እሳቸውን የሚወድ ሰው ካገኙ ለኔም ያስተዋውቁኝ።»

«ዛሬ ምን ይሠሩ ነበር?»

«የልጃቸውን የሠርግ ዲቪዲ ወደ ኮምፒውተር ፋይል ሊቀይሩ ነበር። ባልና ሚስቱ የተጋቡበትን ሃያኛ ዓመት ሊያከብሩ ነው፤ በትልቅ ስክሪን ይታያል ተብሎ።»

«ዲስኩን ከቶ 'ጀምር' ማለት ነው እንግዲህ።»

ኤዲተሯ በንቀት ፈገግ አለች። «እንደሱ የሚያደርጉ አሉ፤ ከዚያ ሥዕሉ ወደ ጎን ተለጥጦ ሙሽሪት ወፍራ ትወጣለች። የድሮ ካሜራ ሥዕሉን ለሁለት ከፍሎ፣ መስመር እየዘለለ ነው የሚይዘው። ኮምፒውተር ላይ ሲያዩት፣ ሰው እጁን ባወናጨፈ ቁጥር ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ጋሼ መጀመሪያ ያንን የሚያለሰልሰውን ይመርጣሉ። ቀጥለው ጥራቱን ከፍ፣ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋሉ። አንድ ዲስክ ግማሽ ቀን ይበላል። ከዚያ ድምፁን፤ ሁለቱንም።»

«ሁለቱንም ማለት?»

«የዚህ ቤት ልማድ ነው፤ ሌላ ቦታ አያገኙትም። ዲቪዲው ላይ አንደኛው ድምፅ ዘፈን የተደረበበት ነው። ዝም ብለው ሲያጫውቱት የሚሰሙት እሱን ነው። ሁለተኛው ጥሬው ነው፤ ማይኩ የያዘው እንዳለ። ደንበኛው መኖሩንም አያውቅ። ጋሼ ግን አንድ ቀን የልጅ ልጅ ይፈልገዋል ይሉ ነበር።»

ኮምፒውተሩ ላይ ሥራው መጠናቀቁን የሚያበስር መልእክት ቁጭ ብሏል። መርፌ የዚህን ፋይል ምርጫዎች እንድታሳያት ጠየቀቻት። ኤዲተሯ ቆማ አንድ ሁለት ጊዜ ጫነችና ፊቷ ተለወጠ።

«ኧረ! ሁለተኛው ድምፅ የለም።»

«ረስተውት ይሆናላ።»

«ጋሼ የሚረሱት የሰው ውለታ ብቻ ነው። ደግሞ ምርጫቸው አንዴ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፤ ማበጠሪያውም፣ ጥራቱም፣ ሁለቱም ድምፆች ላይ ያለው ምልክትም። ይኸው ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። ይቺን አንዷን ምልክት ያነሳ ሰው ሆን ብሎ ነው ያነሳው።»

«ዲስኩስ የታለ?»

ኤዲተሯ ማሽኑን ከፈተችው። ባዶ ነው። «እስኪያልቅ እዚህ ውስጥ መቆየት አለበት፤» አለች ግራ ተጋብታ። «ካለቀ በኋላ ነው የተወሰደው።»

መርፌ ወደ ታች ወረደች፤ ሳጅኑም ተከተላት።

ሐኪሙ የደንበኞች መቀበያ ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳ ሙሉ ሙሽሮች እያዩት ተቀምጧል። መርፌ ስታናግረው ቀኝ ጉንጩን ወደ እሷ አዙሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይሰማል። ብዙ ሰው ይህን ትሕትና ይለዋል። እሷ ትሕትና ብዙ ጊዜ ስላላጋጠማት ሌላ ምክንያት ፈለገች።

«ጠዋት ደውሎ ና አለኝ፤» አለ ሐኪሙ። «ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገና 'ስማ' አለኝ። ሰማሁ። ጫጫታ ነው፤ ግርግር፣ የሳህን ኳኳታ። 'ምኑን ነው የምሰማው?' ብለው 'ውሸታም! ሰምተሃል!' ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ጮኽኩ። ትቼው ወጣሁ።»

«ምን እንዳለበት አልነገሩዎትም?»

«'እኔ በአፌ አልደግመውም፤ በገዛ ጆሮህ ስማው' ነው ያለኝ።»

«ከዚያስ?»

«መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ለሚስቴ ደወልኩ፤ አባቴ ጃጅቷል አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ዝም ብዬ ስነዳ ነበር። ያየኝ ሰው የለም።» እጁን ተመለከተ። «ይሄ እንደማይጠቅመኝ አውቃለሁ።»

«እናትዎ በሕይወት አሉ?»

«በሠርጌ ዕለት ነው የሞተችው። ልቧ ነው። አዳራሹ ውስጥ ስንት ሐኪም ነበር! የክፍሌ ልጆች በሙሉ፣ ራሴም ጭምር። እናቴ ጎን ያለው ክፍል ገብታ፣ ጋደም ብላ፣ ማንንም ሳትጠራ ሞተች። ፊቷን አይቼ እንዴት አላወቅኩም እያልኩ ሃያ ዓመት ኖርኩ። አባቴም እንድረሳው አልፈቀደልኝም፤ ሰው ፊት 'እናቱን ያላዳነ ሐኪም' ብሎ ነው የሚያስተዋውቀኝ።»

መርፌ ከወንበሯ ተነሳች። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ የምታይ መስላ በሐኪሙ ግራ በኩል ዞራ ቆመች፤ ከዚያ ለጆሮው ቀረብ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባትህን የገደልክ አንተ ነህ፤ እናትህንም አንተ ነህ» አለች።

ሳጅኑ ደነገጠ። ሐኪሙ ግን የእጅጌውን ቁልፍ እያስተካከለ ቀጠለ። መርፌ በቀኙ ተመለሰች።

«ግራ ጆሮዎ መስማት ያቆመው መቼ ነው?»

ሐኪሙ ቀና አለ። «ልጅ ሆኜ። ከዥዋዥዌ ወድቄ።»

«ከዥዋዥዌ?»

እጁን ወደ ጆሮው ወሰደ። «አባቴ ነው። በጥፊ። ቤታችን ውስጥ ግን ዥዋዥዌ ነው የሚባለው። ሲባል ሲባል እሱ ራሱም አመነው መሰለኝ። እንደማይሰማ የነገርኩት ለሚስቴ ብቻ ነው፤ እሱ የዳነ ይመስለው ነበር።»

ሚስትየው መርዶውን ሰምታ መጥታ ጓዳ ውስጥ ነበረች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ መሐረብ ይዛ ተቀምጣለች። መልከ መልካም ናት፤ አነጋገሯም ለስለስ ያለ ነው። መርፌ ስትገባ ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችላት።

«አባባን ካየኋቸው ሳምንት አለፈኝ፤» አለች። «በስልክም አላወራንም። ምን ላድርግ፣ ለበዓሉ ሽር ጉድ ስል ጊዜ አጣሁ። እንዲህ ይሆናል ብዬ መች አሰብኩ!»

«ባልዎ ጠዋት ደውሎልዎት ነበር።»

«'አባቴ ጃጅቷል' አለኝና ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ሌላ ቃል አልተናገረም።»

«ጠባቸው በምን ይመስልዎታል?»

«የአባባ ነገር የታወቀ ነው። የሞተች እናቱን ድምፅ እያሰሙ አንጀቱን መብላት ምን ይባላል? እሱ ደግሞ ሆደ ባሻ ነው፤ ቶሎ ይነካል።» መሐረቡን ወደ ዓይኗ ወሰደችው። «ባሌ ግን ሰው አይገድልም። ተቆጥቶ፣ ራሱን ስቶ ካልሆነ በስተቀር።»

መርፌ ይህቺን «ካልሆነ በስተቀር» በልቧ አስቀመጠቻት። ለባሏ እያዘነች ገመዱን አንገቱ ላይ የምታስገባለት ሚስት አይታ አታውቅም ማለት አይቻልም፤ እንዲህ በለስላሳ እጅ ሲሆን ግን አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው።

«ኮምፒውተር ይችላሉ?»

«እኔ? ከስልኬ ሌላ ምን ነክቼ! አንዳንዴ አባባ ሲሠሩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አይ ነበር እንጂ።»

መርፌ አመስግናት ወጣች። ደረጃው ላይ ኤዲተሯን አገኘቻት።

«ዲስኩ ከጠፋ ያ ሁለተኛ ድምፅ አብሮ ጠፋ ማለት ነው?»

«ማን አለ? መንታው አለ። ጋሼ አንድ ሠርግ በአንድ ዲስክ ብቻ አስቀምጠው አያውቁም። መንታው ምድር ቤት፣ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው።»

«ቤተሰቡ ያውቃል?»

«ቤተሰቡ ምድር ቤት አይወርድም፤ አቧራ ይጠላል።»

መንታው መጣ። መርፌ ማዳመጫውን አድርጋ ሁለተኛውን ድምፅ መረጠች። በቀኝ ጆሮዋ የአዳራሽ ጫጫታ ብቻ ይሰማታል። በግራው ሰው ይናገራል፤ ጥርት ብሎ፣ ከቅርብ።

«ለምንድነው የተለያየው?» አለች ማዳመጫውን ሳታወልቅ።

«ካሜራው ላይ ያለው ማይክ በቀኝ ነው የሚገባው። ሙሽራው ኮት ላይ የሚሰካው ደግሞ በግራ።»

መርፌ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም፤ ጠረጴዛውን ሲጠበጥቡ የነበሩት ጣቶቿ ብቻ ቆሙ። ከዚያ ሳጅኑን ጠርታ ሁሉንም ወደ ሥራ ክፍሉ እንዲያመጣቸው አዘዘችው።

ሬሳው ተነስቷል። ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ፊት ያለው ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል መርፌ ከለከለችው።

«እዚያ አይሁን። ዛሬ ገዳዩ የተቀመጠው እሱ ላይ ነው።»

ሐኪሙ እጁን ከወንበሩ ላይ አነሳ። ሚስቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ኤዲተሯ ክንዷን አጣምራለች፤ ሳጅኑ በሩን ይዟል።

«ሟቹ የተዘጋጀ ምርጫ ነበረው፤» ብላ ጀመረች መርፌ። «ማበጠሪያውን የሚያለሰልስ፣ ጥራቱ ከፍ ያለ፣ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ፣ ሁለት ድምፅ ያለው። ገዳዩ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቶ የሁለተኛውን ድምፅ ምልክት ብቻ አነሳ። ምንም የማያውቅ ሰው ቢሆን ምልክቷን አይነካም፤ 'ጀምር' ብሎ ያርፋል። አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በከንቱ አይደክምም፤ መንታው ምድር ቤት እንዳለ ያውቃላ!»

«እኔን ለማለት ነው?» አለች ኤዲተሯ።

«አንቺን ነው። አመስግኚኝ። ስለዚህ የምንፈልገው ግማሽ የሚያውቅ ሰው ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሲሠሩ ያየ፤ ሁለት ድምፅ መኖሩን የሚያውቅ፤ መንታ መኖሩን የማያውቅ። ፍጥነቱን መጨመርም አያውቅም። ዲስኩ ደግሞ እስኪያልቅ ማሽኑ ውስጥ መቆየት አለበት። እና ገዳዩ ምን አደረገ? ቁጭ አለ። ሬሳ እግሩ ሥር አጋድሞ፣ ሠርጉ ተጀምሮ እስኪያልቅ ጠበቀ።»

«ዲስኩን ሰብሮት አይሄድም ነበር?» አለ ሳጅኑ።

«ለበዓሉ ሁሉም ይፈልገዋል። ሲጠፋ፣ ምን ነበረበት ይባላል። ፋይሉ ካለ ግን ዲስክ ማን ትዝ ይለዋል? በዚያ ላይ ሥራው ተጠናቆ ሲገኝ፣ ሽማግሌው በሰላም ሲሠራ ውሎ በሕመሙ ሞተ ይባላል። ፓፏን ከቁም ሳጥኑ ላይ ማውረድ ባይረሳ ኖሮ ተሳክቶለት ነበር።»

ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ዶክተር ጫጫታ ብቻ ነው የሰማሁት ብለዋል። እውነታቸውን ነው። የሰው ንግግር ያለው በግራ በኩል ነው፤ ግራ ጆሯቸው ደግሞ አይሰማም። ለሳቸው ያ ድምፅ ግርግር ነው፤ ግርግር ለማጥፋት ሰው አይገደልም። አባትየው ያደነቆሩትን ጆሮ ረስተው፣ ልጄ ይዋሸኛል ብለው ተሳደቡ። ምን እንዳለበት ግን አልነገሯቸውም።» ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ሚስትየው ሄደች። «ታዲያ እርስዎ 'የሞተች እናቱን ድምፅ' ያሉኝን ከየት አመጡት?»

«እሱ ነዋ የነገረኝ።»

«እኔ?» ሐኪሙ ቀኝ ጆሮውን ወደ ሚስቱ አዞረ። «የእናቴ ድምፅ አለበት እንዴ?»

«እንግዲያው አባባ ናቸው...»

«ከሳምንት ወዲህ አላወራንም አላልሽም? ወይስ ከሞቱ በኋላ ነገሩሽ?» መርፌ አንቱታውን ተወችው። «ቦርሳሽን ክፈቺ።»

ሴትየዋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ሳጅኑ ተቀበላት። ከመዋቢያዎቿ ሥር፣ በመሐረብ የተጠቀለለ የተሰባበረ ዲስክ ወጣ። የትም ብትጥለው ሰው ያገኘዋል ብላ ፈርታ ነው ይዛው የዋለችው።

«ስጡኝ፤ ልስማው፤» አለ ሐኪሙ።

«ግዴታ የለብዎትም።»

«ስጡኝ አልኩ።»

መርፌ ማዳመጫውን ገልብጣ፣ የግራው በቀኝ እንዲሆን አድርጋ አጠለቀችለት። ኤዲተሯ ከፈተችው። ሐኪሙ ዓይኑን ጨፈነ።

«ልጄ፣ ደረቴን ውግት አደረገኝ። ልጄን ጥሪልኝ፤ በቀስታ፣ ሰው ሳይሰማ።»

«አሁን? ሰው ሁሉ እያየን? ዛሬን እንኳ ለኔ ይተዉልኝ እንጂ እማማ! ሁልጊዜ እርስዎ፣ ሁልጊዜ እርስዎ!»

«እጄም ደነዘዘ፤ ባክሽ...»

«ይግቡና ጋደም ይበሉ። እነግረዋለሁ አልኩ እኮ!»

ከዚያ የገዛ ራሱ ድምፅ መጣ፤ የወጣት፣ የደስተኛ ሰው ድምፅ። እማዬ ምን ሆነች ብሎ ጠየቀ። «ምንም አልሆኑም፤» አለች ሙሽሪት እየሳቀች፤ «ጫማቸው ጠቧቸው ነው።»

ሐኪሙ ማዳመጫውን አላወለቀም። «በርዷት ነበር፤» አለ ለማንም ሳይሆን። «ኮቴን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረግኩላት እኔ ነኝ። ስትገባ ወንበሯ ላይ ትታልኝ ሄደች።»

«ሠርጌ ነበር!» ብላ ጮኸች ሚስቱ። ለስላሳው ድምፅዋ የት እንደገባ አልታወቀም። «አንድ ቀን! አንድ ቀን ለኔ ቢሆን ምን ነበረበት? ይሞታሉ ብዬ መች አሰብኩ! ሽማግሌው ዛሬ ጠርተው አሰሙኝ። 'ልጄ ላንቺ ብሎ ይዋሻል፤ እኔ ግን በበዓላችሁ ቀን በሰው ፊት አጫውተዋለሁ' አሉ። ሲጮኹ ትንፋሻቸው ተቆረጠ። ፓፏን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ 'ዲስኩን ይስጡኝና ልስጥዎት' አልኳቸው። ሳቁብኝ! እየታፈኑ ሳቁብኝ! እኔ አልነካኋቸውም፤ ጣቴን አላሳረፍኩባቸውም!»

«አማትሽንም አልነካሻቸውም፤» አለች መርፌ። «ወንበሩ ላይ ስትቀመጪ በሕይወት ነበሩ?»

ሴትየዋ ፊቷን ከወንበሩ አዞረች። ሳጅኑ ለሐኪሙ ያዘጋጀውን ካቴና አወጣ። ስትወጣ ባሏን በስሙ ጠራችው፤ በግራው በኩል ስለነበረች አልሰማትም፣ ወይም ያልሰማ መሰለ።

መርፌ መዝገቧን ዘጋች። ሐኪሙ ነፃ ነው። ነፃ ነዎት ልትለው አፏን ከፍታ ነበር፤ አይታው ተወችው። ሰውየው ማዳመጫውን አውልቆ ኤዲተሯን እየተመለከተ ነበር።

«ለበዓሉ የተሠራውን ፋይል አጥፊው፤» አላት። «ሥዕል አልፈልግም። ድምፁን ብቻ አውጪልኝ። የእናቴን ብቻ።»

ኤዲተሯ ስክሪኑን አየች፤ ከዚያ እሱን። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መናገር ከበዳት።

«አይሆንም፣ ዶክተር። በአንድ ማይክ ነው የገባው። እናትዎ ሲናገሩ እሷ በላያቸው ላይ ነው የምትናገረው። የሷን ካጠፋሁ የሳቸውም ይጠፋል።»

ከታች የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ሐኪሙ ማዳመጫውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እንግዲያው የሷም ይኑር፤» አለ።